ከዲፕከት ካምፕ የመጣ መርዶ፦ ሃያ አራት ዓመት የፈጀ ጥያቄ

ዲፕከት ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በሰሪ አውራጃ የሚገኝ መንደር ነው። መላው ብሪታንያ ስሙን ያወቀው በአጠገቡ በነበረው የፕሪንሰስ ሮያል የጦር ካምፕ ምክንያት ነው። ከ1995 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አራት ወጣት ሠልጣኞች በዚህ ካምፕ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። የ20 ዓመቱ ሾን ቤንተን ጁን 9 ቀን 1995፣ የ18 ዓመቷ ሼሪል ጄምስ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 27፣ የ17 ዓመቱ ጄፍ ግሬይ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2001፣ የ17 ዓመቱ ጄምስ ኮሊንሰን ደግሞ ማርች 23 ቀን 2002 ነበር የሞቱት። ጥይቱ የወጣው ጦሩ ራሱ ለዘብ ጥበቃ ከሚያስታጥቀው ኤስኤ80 ከተባለው ጠመንጃ ነው። አንዳቸውም ጦር ሜዳ አልረገጡም። ወላጆቻቸው መርዶ የሰሙት ልጃቸው ሞያ እየተማረ ነው ብለው ልባቸውን ካሳረፉበት ቦታ ነው።

ካምፑ የንጉሣዊው ሎጂስቲክስ ኮር ማሠልጠኛ ነበር፤ ጦሩን የሚቀልበው፣ የሚያጓጉዘው፣ ጥይትና ነዳጅ የሚያደርስለት ክፍል ማለት ነው። ወጣቶቹ ሰልፍና ተኩስ የሚማሩበትን የመጀመሪያውን ሥልጠና ሌላ ቦታ ጨርሰው ወደ ዲፕከት የሚመጡት ሾፌርነትን ወይም የንብረት ክፍል ሥራን የመሰለ ሞያ ለመያዝ ነው። የኮርስ ቦታ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ተራው እስኪደርሰው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት የሚጠብቅ ሠልጣኝ ብዙ ነበር። ይህን ሁሉ ወጣት የሚከታተሉት አሥር አለቆችና ሃምሳ አለቆች ደግሞ በቁጥር እጅግ ያንሳሉ። በሥራ ቀን ማታና በሳምንቱ መጨረሻ አለቃ ማግኘት የበለጠ ይከብድ ነበር። ከቤቱ ከወጣ ጥቂት ወራት የሆነው የ17 ዓመት ልጅ ሆድ ቢብሰው የሚያዋየው፣ በደል ቢደርስበት የሚያመለክትለት ሰው በቅርብ አልነበረም። ያለው የቅርብ አለቃው ነው፤ በዳዩ ያው አለቃ ከሆነ ደግሞ መንገዱ እዚያው ላይ ይዘጋል።

ሥራ ለሌለው ሠልጣኝ የሚሰጠው ሥራ ዘብ መቆም ነበር። በዚያ ዘመን የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር ጥቃት ስለሚያሰጋ የካምፖቹ በሮች በታጠቀ ሰው ይጠበቃሉ። ስለዚህ ገና ያልበሰለ ወጣት ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ተሸክሞ ሌሊቱን ያነጋል። አራቱን ሞት ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሾን ቤንተን በዚያ ቀን የዘብ ተራ አልነበረውም፤ ጠመንጃውን የተቀበለው ተረኛዋን ሠልጣኝ ሊተካት እንደ ተላከ ነግሯት ነው። ሼሪል ጄምስ በካምፑ በር ላይ ታጥቃ ብቻዋን ቆማ ነበር፤ የወቅቱ መመሪያ ግን ሴት ወታደር ብቻዋን ታጥቃ እንድትጠብቅ አይፈቅድም። ጄፍ ግሬይ የመኮንኖችን ክበብ ሲጠብቅ በሌሊት ከጓዶቹ ተለይቶ ብቻውን ሮንድ ወጣ። ጄምስ ኮሊንሰን ዕድሜው ስላልደረሰ ጠመንጃ አልተሰጠውም፤ በእጁ የገባው አብሮት ከነበረ ጓዱ ተቀብሎ ነው። ሞታቸው በማንም እጅ ይሁን በማን፣ ጥበቃው በደንቡ ቢመራ ኖሮ ጠመንጃው በዚያ ሰዓት በዚያ ሁኔታ በእጃቸው ባልተገኘ ነበር። ይህን መመልከት የምርመራ ጥበብ አይጠይቅም። በ1995 ከሁለቱ ሞት በኋላ ቢታይ ኖሮ ለ2001 እና ለ2002 ይጠቅም ነበር።

አልታየም፤ ያልታየበት ምክንያትም ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጀምራል። በእንግሊዝ ሕግ በካምፕ ውስጥ በጥይት የሞተ ሰው ጉዳይ የሚመረመረው በአካባቢው ሲቪል ፖሊስ ነው። በዲፕከት የሆነው ግን የሰሪ ፖሊስ ቦታው ላይ ደርሶ፣ ነገሩ ራስን ማጥፋት ይመስላል ብሎ፣ ቀሪውን ለጦሩ ፖሊስ መተው ነው። ጦሩ ስለ ራሱ ካምፕ ራሱን መረመረ ማለት ነው። መርማሪው ምን እንደሚፈልግ የሚወስነው ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበው ነገር ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው ነው ተብሎ ከታመነ የጠመንጃውን አሻራ ማንሳት፣ የሟቹን ልብስ ማስቀመጥ፣ በአካባቢው የነበረውን ሰው ሁሉ በዚያው ቀን መጠየቅ ትርፍ ድካም ይመስላል። በሼሪል ጄምስ ጉዳይ ልብሷ አልተቀመጠም፤ የገደላትም ጥይት በጊዜው አልተገኘም። በጄፍ ግሬይ ጉዳይ ቤተሰቡ ዓመታት ሙሉ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ተኩስ ከተሰማ በኋላ ፍለጋ ተደርጎ የልጁ አስከሬን ያልታየው፣ ቆይቶም አስቀድሞ በተፈለገበት አካባቢ የተገኘው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ቀን መልስ ያልሰጠበትን ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ዳኛ ከየት ያመጣዋል?

በእንግሊዝና በዌልስ ድንገተኛ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሲያጋጥም ኮሮነር የሚባል ባለሥልጣን የአሟሟት ችሎት ይከፍታል። ይህ ችሎት ወንጀለኛ አይፈልግም፤ ከሳሽም ተከሳሽም የለበትም። ሟቹ ማን ነው፣ መቼና የት ሞተ፣ እንዴት ሞተ ለሚሉት ጥያቄዎች ብቻ መልስ ይሰጣል። ራስን ማጥፋት ነው ለማለት በዚያ ዘመን የሚጠየቀው የማስረጃ ልክ በወንጀል ችሎት እንደሚጠየቀው ያለ የማያጠራጥር ማስረጃ ነበር። ልኩ ዝቅ ብሎ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል የተባለው በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲወስን ነው፤ በ2020 የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት አጸናው። ማስረጃው ወደየትም ካላደላ ኮሮነሩ ክፍት ብይን ይሰጣል። ክፍት ብይን መልስ አይደለም፤ መልስ እንዳልተገኘ የሚመሰክር ወረቀት ነው።

የዲፕከት የመጀመሪያዎቹ ችሎቶች ርዝመት ብቻውን ብዙ ይናገራል። የሾን ቤንተን ችሎት ከሞተ ወር ብዙም ሳያልፍ በጁላይ 1995 ተከፍቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራሱን አጥፍቷል በሚል ብይን ተዘጋ። የሞተው በደረቱ ላይ በደረሱ አምስት የጥይት ቁስሎች ነው። የሼሪል ጄምስ ችሎት በዲሴምበር 1995 አንድ ሰዓት ገደማ ፈጅቶ በክፍት ብይን አበቃ። የጄፍ ግሬይም በማርች 2002 በክፍት ብይን አበቃ። ብይኑ ከተሰጠ በኋላ ወሩ ሳያልቅ ጄምስ ኮሊንሰን ሞተ።

አራተኛው ሞት ነገሩን ለወጠው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሐዘኑን ለብቻው ይዞ ተቀምጧል፤ ልጄ ላይ ብቻ የደረሰ ነው ብሎ ያምናል። አንዱ ቤተሰብ በዌልስ፣ አንዱ በስኮትላንድ፣ ሌሎቹም በእንግሊዝ በየፊናቸው የሚኖሩ ናቸው። ጋዜጦች የአራቱን ስም በአንድ ገጽ ላይ ሲያወጡ ወላጆቹ ተፈላለጉ፣ ተገናኙ፣ የየራሳቸውን ታሪክ አመሳከሩ። ሲያመሳክሩ ተመሳሳይ ነገር ሰሙ፦ በመጀመሪያው ቀን የተነገራቸው ያው አንድ ግምት ነው፣ ሰነድ ሲጠይቁ የተሰጣቸው ምላሽም ያው ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቁት ምስክር በግዳጅ የሚጠራና ሰነድ የሚያስቀርብ ገለልተኛ ይፋዊ አጣሪ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አላገኙም።

ያገኙት የሪፖርት ብዛት ነው። የሰሪ ፖሊስ በ2002 ምርመራውን እንደ ገና ከፍቶ አራቱንም ሞት አጠና። በ2003 ሌላ ሰው እጁን እንዳስገባ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ በዓመቱ ደግሞ ጦሩ ወጣቶቹን የሚጠብቅበትን አያያዝ በብርቱ የሚነቅፍ ሪፖርት አወጣ። የሰሪ ፖሊስን ሥራ እንዲመረምር የተጠራው የዴቨንና ኮርንዎል ፖሊስ የሠራው ሪፖርት ሙሉ ቃል ለወላጆቹ አልተሰጠም። በኦክቶበር 2004 በ1990ዎቹ በካምፑ የነበረ አንድ አሠልጣኝ በወጣት ወንድ ወታደሮች ላይ በፈጸመው የወሲብ ጥቃት አራት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። ይህ ከአራቱ ሞት ጋር በቀጥታ አይያያዝም። ሠልጣኙ አቤት የሚልበት በር በማን እጅ እንደ ነበረ ግን ያሳያል፤ ለዚህም ነው ወላጆቹን የበለጠ ያስደነገጣቸው። በማርች 2005 የፓርላማው የመከላከያ ኮሚቴ ጦሩ ለወጣት ምልምሎቹ ያለበትን የአደራ ግዴታ የሚመረምር ሰፊ ዘገባ አቀረበ።

ከሁሉ የሚጠቀሰው የሕግ ባለሙያው ኒኮላስ ብሌክ በመንግሥት ተልከው አጥንተው በማርች 29 ቀን 2006 ያወጡት ግምገማ ነው። ብሌክ ሥራውን የሠሩት በዝግ ነው፤ ምስክርን በግዳጅ የመጥራት ሥልጣንም አልነበራቸውም። የሾን ቤንተን፣ የሼሪል ጄምስና የጄፍ ግሬይ ሞት ሚዛኑ ሲታይ በገዛ እጃቸው የደረሰ ነው ወደሚለው አዘነበሉ፤ ወጣቶቹ በግፍ ብዛት ተገፍተው ለሞት መዳረጋቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላየሁም አሉ። በዚያው ሪፖርት ግን የአለቆቹን ማነስ፣ ያልታየውን ድብደባና ማዋረድ፣ ወጣትን ያለ በቂ ጥበቃ ከጠመንጃ ጋር ብቻውን የማቆምን አሠራር አንድ በአንድ አወጡት። 34 ምክሮች ሰጡ። ከነዚህ መካከል ሁለቱ ለወላጆቹ ክርክር ዋና ነበሩ። አንደኛው ወታደር ከዕዝ ሰንሰለቱ ውጪ አቤት የሚልበት ገለልተኛ አካል እንዲቋቋም ነው። ሁለተኛው የሟች ወታደር ቤተሰብ በአሟሟት ችሎት ላይ ጠበቃ እንዲያገኝ መከላከያ ሚኒስቴር እንዲያረጋግጥ ነው። ይፋዊ አጣሪ ግን አያስፈልግም አሉ፤ መንግሥትም ይህን ቃል ይዞ በሩን ዘጋ።

ብሌክ ያሉት ነገር ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንኳ ወላጆቹ ለምን እንዳልረኩ ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ሰው የራሱን ልጅ አሟሟት በተመለከተ የተሰበሰበውን ማስረጃ ሳያይ፣ ምስክሩን ሲናገር ሳይሰማ፣ በጠበቃው በኩል ሳይጠይቅ፣ ሌላ ሰው አንብቦ የደረሰበትን መደምደሚያ እመን ተብሏል። መደምደሚያው እውነት ሊሆን ይችላል። እውነትነቱ የሚታወቅበት መንገድ ግን ለወላጅ አልተከፈተም።

መንገዱን የከፈተው ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የብሪታንያ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ሁለተኛው አንቀጽ በሕይወት የመኖር መብትን ይደነግጋል። ፍርድ ቤቶች አንቀጹን ሲተረጉሙ መንግሥት አለመግደሉ ብቻ አይበቃም፣ በእርሱ ኃላፊነት ሥር ያለ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሚሳተፍበት በቂ ምርመራ ማድረግም አለበት ብለዋል። የሼሪል ጄምስ አባትና እናት ሊበርቲ ከሚባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ጠበቆች ጋር ሆነው በዚህ ሕግ ተደግፈው የሰሪ ፖሊስን ሰነድ ጠየቁ። በ2012 ፖሊስ የያዘውን በርካታ ጥራዝ አስረከበ። ልጅቷ ከሞተች 17 ዓመት ሆኗታል።

ሰነዱ በእጅ መግባቱ የሥራው መጀመሪያ ነው። የተዘጋን የአሟሟት ችሎት እንደ ገና ለማስከፈት ቤተሰብ በመጀመሪያ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ፈቃድ ማግኘት፣ ከዚያም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ የመጀመሪያው ምርመራ በቂ እንዳልነበረ ወይም አዲስ ማስረጃ እንደተገኘ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ጠበቆቹ በሺህ የሚቆጠሩ ገጾችን ገልጠው በ1995 በአንድ ሰዓት ችሎት ያልተጠሩትን ምስክሮች፣ ያልተነሡትን ጥያቄዎች መልቀም ነበረባቸው። ጁላይ 18 ቀን 2014 ፍርድ ቤቱ በሼሪል ጉዳይ የተሰጠውን የቀድሞውን ብይን ሽሮ አዲስ ችሎት አዘዘ። የሾን ቤንተን ቤተሰብ ተመሳሳይ ውሳኔ በኦክቶበር 2016፣ የጄፍ ግሬይ ቤተሰብ ደግሞ በኖቬምበር 2017 አገኘ። የሾን እናት ይህን ቀን ሳያዩ በ2015 ዐርፈው ነበር፤ ክርክሩን እስከ መጨረሻ የያዙት እኅቱና መንታ ወንድሙ ናቸው።

የሼሪል ጄምስ አዲስ ችሎት በፌብሩዋሪ 2016 በዎኪንግ ከተማ ተጀመረ፤ ኮሮነር ሆነው የተሠየሙት ዳኛ ብሪያን ባርከር ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2015 አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ተመርምሯል፤ የብረት ስብርባሪም ተገኝቶበታል። የቀበሩትን ልጅ እንደ ገና ማስወጣት ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር ቃል ይጠፋል። በ1995 አንድ ቀን በአግባቡ ቢሠራ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። ጁን 3 ቀን 2016 ባርከር ውሳኔያቸውን ሰጡ፦ ሼሪል ራሷን አጥፍታለች። በዚያው ውሳኔ ካምፑ ለወጣቶቹ የሚያደርገው እንክብካቤ እጅግ አነስተኛ እንደነበር፣ በውስጡ ጤናማ ያልሆነ ወሲባዊ ድባብ እንደነበር፣ የመጀመሪያው ምርመራም ጉድለት እንደነበረበት ገለጹ። የጦሩ ተወካይ የሆኑ ብርጋዴር በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። አባቷ ውሳኔውን አልተቀበሉም፤ በካምፑ የነበረው ሁሉ ተጣርቶ እንዲወጣ ይፋዊ አጣሪ መጠየቃቸውንም ቀጠሉ።

የሾን ቤንተን ጉዳይ በዳኛ ፒተር ሩክ ፊት በ2018 ታየ። ከጃንዋሪ ጀምሮ የተሰማው ምስክርነት ከሦስቱም የከበደው ነው። ሠልጣኞች በአለቆቻቸው እየተደበደቡና እየተዋረዱ ይኖሩ እንደነበር የዚያን ዘመን ጓዶቹ አንድ በአንድ እየቆሙ ተናገሩ፤ ብዙዎቹ ጎልማሶች ሆነዋል። ሾን ከመሞቱ በፊትም በራሱ ላይ ጉዳት አድርሶ ያውቃል፤ የአእምሮ ጤና እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ ምልክት ነበረ። ከጦሩ እንደሚሰናበት ተነግሮት በዚያው ሰሞን ሞተ። ጁላይ 18 ቀን ሩክ ራሱን ማጥፋቱን፣ ካምፑ ግን መርዛማ ባህል የነገሠበት እንደነበር፣ ጦሩም ሊያደርግለት የሚገባውን እንዳላደረገ ወሰኑ። የ1995ቱ ብይንና የ2018ቱ ውሳኔ በአንድ ቃል ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ግን ስለ አንድ ደካማ ወጣት ብቻ ያወራል፤ ሁለተኛው ወጣቱ የኖረበትን ቤት ጨምሮ ያያል። በሁለቱ መካከል ያለው 23 ዓመት ነው፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ሦስት ልጆች በዚያው ካምፕ ሞተዋል።

የጄፍ ግሬይ ችሎት በ2019 ተካሂዶ ጁን 20 ቀን በዚሁ ዳኛ በተሰጠ ተመሳሳይ ውሳኔ አበቃ። ጄፍ ደስተኛ ልጅ ነበር፣ ራሱን የሚያጠፋበት ምክንያት አልነበረውም የሚለው የወላጆቹ እምነት በችሎቱ ረጅም ሰዓት ተሰምቷል። ዳኛው ሌላ ሰው ተኩሶበታል የሚለውን ማስረጃው እንደማይደግፈው ገለጹ፤ የመጀመሪያው ምርመራ ጉድለት እንደነበረበትም አልሸሸጉም። ወላጆቹ አላመኑም። በጭንቅላቱ ላይ የነበሩት ሁለት የጥይት ቁስሎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጠይቁ የኖሩት ጥያቄ ናቸው። በጊዜው ያልተወሰደ አሻራና ያልተጠየቀ ምስክር ባለበት ጉዳይ ላይ የሚሰጥ መልስ፣ ትክክል ሆኖ እንኳ፣ የሚያሳርፍ ላይሆን ይችላል።

ስለ ገንዘቡ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነውና። በነዚህ ችሎቶች ላይ ጦሩና ፖሊስ በመንግሥት ገንዘብ የተቀጠሩ ጠበቆችን ይዘው ይቀርባሉ። የሟች ቤተሰብ ግን ለጠበቃ የሕዝብ ድጎማ ማግኘቱ የተረጋገጠ አይደለም፤ ይጠይቃል፣ ይመረመራል፣ ሊከለከልም ይችላል። በጎ አድራጊ ድርጅት ካላገኘ ልጁ የሞተበትን ሁኔታ ከሠለጠኑ ጠበቆች ጋር ብቻውን ሊከራከር ነው። ብሌክ በ2006 ይህን ለማስተካከል የሰጡት ምክር ባሉት መልክ ሥራ ላይ አልዋለም። ለሟች ቤተሰቦች በአሟሟት ችሎት ላይ እኩል የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ የቀረበው በሴፕቴምበር 2025 ነው፤ ገፋፊው ዲፕከት ሳይሆን በሂልስቦሮ ስታዲየም በ1989 ያለቁት የእግር ኳስ ደጋፊዎች ቤተሰቦች ትግል ነበር።

የአቤቱታው አካል ግን ቀስ በቀስ ተገንብቷል። ከብሌክ ምክር በኋላ በ2008 የወታደሮች አቤቱታ ኮሚሽነር ሥራ ጀመረች፤ መታዘብና ማሳሰብ እንጂ ማስገደድ አትችልም ነበር። ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ ሥልጣኑ የተጠናከረ እንባ ጠባቂ ተተካ። የማሠልጠኛ ካምፖችን የወጣት አያያዝ የትምህርት ተቆጣጣሪው ኦፍስቴድ እንዲጎበኝ ተደረገ። ይህ ሁሉ ከዲፕከት ወላጆች ጩኸት የተገኘ ነው፤ ከነርሱ በኋላ ልጆቻቸውን ወደ ጦሩ የላኩ ሰዎች ባያውቁትም ባለዕዳዎቻቸው ናቸው።

የዚያ የአቤቱታ በር መከፈት ምን እንዳልፈታ ያሳየው የጄይዝሊ ቤክ ሞት ነው። ጄይዝሊ የ19 ዓመት መድፈኛ ነበረች፤ በዲሴምበር 2021 በዊልትሻየር ባለው የላርክሂል ካምፕ ሞታ ተገኘች። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አንድ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ወታደር ጥቃት አድርሶባት አመልክታ ነበር፤ ጦሩ ለፖሊስ ከማድረስ ይልቅ በውስጥ ቅጣት ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሌላ የቅርብ አለቃዋ በሺህ በሚቆጠሩ መልእክቶች እየተከታተለ አስጨነቃት። በፌብሩዋሪ 2025 ኮሮነሩ ኒኮላስ ራይንበርግ የአለቃዋ ትንኮሳም፣ ጦሩ አቤቱታዋን የያዘበት መንገድም ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰኑ። እኒህ ኮሮነር በ2014 የአሥር አለቃ አን-ማሪ ኤለመንትን ሁለተኛ የአሟሟት ችሎት የመሩትም ናቸው። አን-ማሪ የጦር ፖሊስ አባል ነበረች፤ በ2011 በበልፈርድ ካምፕ ሞተች። ለመጀመሪያው ችሎት ያልበቃውን ምስክርነት ለሁለተኛው ያስቀረቡት እኅቶቿ ናቸው፤ በሥራ ቦታዋ የደረሰባት ማዋረድ በውሳኔው ውስጥ የገባውም በዚሁ ነው።

ከቤክ ጋር ሲነጻጸር የዲፕከት ጉዳይ የሚለየው በጊዜው ነው። የጄይዝሊ ቤተሰብ በመጀመሪያው ችሎት ላይ፣ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ባለፈ ጊዜ፣ ስልኳን፣ መልእክቶቹን፣ የአለቆቹን ምስክርነት ፊት ለፊት አግኝቷል። በጁላይ 2021 ጥቃት ያደረሰባት ሰው በኦክቶበር 2025 የስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰው የመለወጡ ነገር ብቻ አይደለም፤ የሰብዓዊ መብቶች ሕጉ፣ የሊበርቲ ጠበቆች ሥራና የአራቱ ቤተሰቦች ልፋት ኮሮነሮችን ሰፋ አድርገው እንዲያዩ አስገድዷቸዋል። የአቤቱታው ጎን ግን ያው ነው። በ2021 የፓርላማው የመከላከያ ንዑስ ኮሚቴ ስለ ሴት ወታደሮች ባወጣው ዘገባ፣ ከመለሱለት ሴቶች መካከል 62 በመቶ ያህሉ በአገልግሎት ዘመናቸው ማስፈራራት፣ አድልዎ፣ ትንኮሳ ወይም ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በሴፕቴምበር 2025 በወጣው ሕግ መሠረት አዲሱ የጦር ኃይሎች ኮሚሽነር እንባ ጠባቂውን ይተካል፤ ካምፕ ሳያስታውቅ የመግባት፣ ከወታደሩም ከቤተሰቡም በቀጥታ ጉዳይ የመቀበል ሥልጣን አለው።

የፕሪንሰስ ሮያል ካምፕ ዛሬ ማሠልጠኛ አይደለም። መሬቱ ለመኖሪያ መንደር ተሰጥቶ 1,200 ቤቶች እንዲሠሩበት ታቅዶ ግንባታው ተካሂዷል። ከአራቱ ሞቶች መካከል ሦስቱ በአዲስ ችሎት ታይተዋል። የጄምስ ኮሊንሰን የአሟሟት ችሎት በማርች 2006 በክፍት ብይን ተፈጽሞ ነበር፤ ብይኑ እንደዚያው ጸንቶ ይገኛል።